ሁለት መቶ አምስት ይላል

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩትም። በየጾሙ እሄድና ሰው አማሁ፣ ሳልጸልይ ተኛሁ፣ ተናድጄ ተሳደብኩ እያልኩ ትንንሹን እዘረዝርላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ጥቂት ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኛል፤ እኔም ዋናውን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ አይደለም፤ ስለማታቋርጡኝ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ቢሰማኝ «አይ ቲቸር፣ አንተ ምን አጠፋህ» ይለኝ ይሆናል። ያንን ቃል በጣም ስለምፈልገው ልሰማው አይገባኝም።

ሮቤ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ መለካት ነበር። መስመሪያ፣ ሚዛን፣ የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ «መሣሪያ የሚነግራችሁን ከማመናችሁ በፊት መሣሪያውን ፈትኑት» እላለሁ። ተማሪዎቼ ድምፄን አስመስለው ኮሪደር ላይ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እሷኑ ይደግሙልኛል። እንግዲህ ያጠፋሁት ሳላውቅ አይደለም። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አዲስ አበባ ያለው ልጄ ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ላከልኝ። ቤንዚንም ባትሪም አላት፤ ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋን ራሷ ትሞላለች፤ ስትቆም ሞተሯ ዝም ይላል። በሰፈራችን የመጀመሪያዋ ስለነበረች ሰው እየመጣ በመስኮት ያይ ነበር። ከመሪው ኋላ ባለው ስክሪን ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ይናገራል። ሌላው በቀረው ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ይናገራል። ለነዳጅ ማደያ በር ላይ ቀናት መሰለፍ በመጣበት ጊዜ እነዚያን ቁጥሮች እንደ ልጄ የፈተና ውጤት ነበር የማያቸው። ሻይ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ «በሊትር ሃያ ሦስት!» እላለሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

እዚያ ሻይ ቤት የሚከራከረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከድር። ጎረቤቴ ነው፣ አጥራችን አንድ ነው፣ በዕድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ከገሰራ ገበያ ስንዴና ገብስ በአይሱዙ ሲያመላልስ ሃያ ዓመት የኖረ ሾፌር ነው። የአይሱዙው ነዳጅ መቁጠሪያ ከተበላሸ ዘመን ስላለፈው ከመቀመጫው ሥር አንድ የተላጠ ቀጭን እንጨት ያኖር ነበር። እንጨቱን ታንከሩ ውስጥ ሰድዶ ያወጣና የረጠበውን በጣቱ ይለካል፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም። «ያ በርሲሳ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ አንተ አስተማሪ ማለቱ ነው፤ «ያንተ ቴሌቪዥን ወሬ ነው የሚያወራው። እንጨት ወሬ የለውም። ወይ ይረጥባል ወይ አይረጥብም።» ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ እርር እላለሁ።

አንድ ቀን ተነሣሁበት። ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን እያንዳንዷን ጠብታ እንደሚቆጥር፣ ጎማው የዞረውን ዙር እንደሚቆጥር፣ ሁለቱን እንደሚያካፍል፣ በእስክሪብቶ የሲጋራ ፓኮ ላይ እየሣልኩ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩት። በመጨረሻ «እንጨትህን ምድጃ ውስጥ ክተተው» አልኩት። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከድርም አብሮ ሳቀ። «በቃ በርሲሳ፣ አሸነፍከኝ፤ የተማረ ሰው ነህ» አለ። ሲሸነፍ የማይከፋው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቁጥር አመነ። ያመነው ግን ስክሪኑን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

እኔስ ቤቴ ገብቼ ምን አደረግሁ? ልማዴ አይለቀኝም፤ ፈተንኩት። ታንከሩን እስከ አፉ እሞላለሁ፣ ኪሎ ሜትሩን እመዘግባለሁ፣ እነዳለሁ፣ እንደገና እስከ አፉ እሞላለሁ፣ የሄድኩትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍላለሁ። ስድስት ጊዜ ሞላሁ። ስድስቱንም ጊዜ ስክሪኑ አጋነነ። እሱ ሃያ ሦስት ሲል የኔ ደብተር አስራ ዘጠኝ ይላል። ከዚያ ብቻዬን ሳነቴ ወጣሁባት። ሳነቴ ከጎባ በላይ ያለው ብርዳም ሜዳ ነው፤ ከማዶው መንገዱ በሪራ አልፎ፣ በሐረና ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። ሽቅብ ስወጣ ቀሪው ኪሎ ሜትር እንደተቀደደ ጆንያ ይፈስ ጀመር። ወደ ሪራ ቁልቁል ስወርድ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ወደ ላይ ወጣ። አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም፤ ቁጥሩ ግን ጨመረ። ወዲያው ገባኝ። ስክሪኑ የሚያየው ያለፈውን መንገድ ነው፤ አሁን የወረደ ሰው ሁልጊዜ የሚወርድ ይመስለዋል።

ቤቴ ተመልሼ ደብተሬ ላይ ቀኑን ጻፍኩና ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦ «ከቁልቁለት በኋላ የሚታየው ቀሪ ኪሎ ሜትር አይታመንም። ለሳነቴ ዳገት ትርፍ ጀሪካን ግድ ነው።» ግድ ነው የሚለውን አሰመርኩበት። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ሻይ ቤት ሄድኩ፣ ከድር ነበር፣ ሰዎቹ ሁሉ ነበሩ። «ከድር፣ ልክ ነበርክ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን ሻዬን ጠጥቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ከድር አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ሃዋ። አስራ አንደኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ፤ ጥያቄ የምታበዛ፣ መልሱን ሰምታ ደግሞ «ለምን?» የምትል ልጅ ነበረች። ደሎ መና አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። በክረምቱ መሐል አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከድር በሬን አንኳኳ። ሃዋ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ አልወጣ ብሏል፤ አዋላጆቹ ቶሎ ጎባ ሆስፒታል ውሰዷት ብለዋል፤ አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ወጥቷል። በዚያ ሳምንት ነዳጅ ጠፍቶ ከተማው ውስጥ መኪና ሁሉ ቆሞ ነበር። አይሱዙውን ከሸጠው ቆይቷል። እኔ የዕድራችን ዳኛ ነኝ፣ የዚያን ዕለት ቀብር ነበረብን፤ ልሄድለት አልቻልኩም። ቁልፉን ግን ሳይጠይቀኝ ሰጠሁት። እስከዚህ ድረስ ደህና ጎረቤት ነበርኩ።

መኪናዋን አስነሣ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መቶ አስር የሚል ቁጥር በራ። ደርሶ መልሱ ሁለት መቶ ሃምሳ ገደማ ነው። በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«በርሲሳ፣ ይበቃኛል? ወይስ በጀሪካን ምናምን ያለህ ነገር አለ?»

«ስድሳ ኪሎ ሜትር ይተርፍሃል። ሂድ» አልኩት።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። ቀደም ብዬ ልጽፈው ይገባኝ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ደረጃው ሥር፣ በአሮጌ ምንጣፍ ሸፍኜ፣ አስር ሊትር ቤንዚን ነበረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሻሸመኔ ለምንሄድበት ሰርግ ብዬ ያኖርኩት ነው። ከቆምኩበት እስከ ደረጃው አስር እርምጃ አይሞላም። የሳሳሁት ለቤንዚኑ ነበር? ለእሱም ነበር፤ አልክድም። ግን ጀሪካኑን ባወጣው ከድር «ምነው፣ ቴሌቪዥንህ አይበቃም?» ይለኛል ብዬ ነው። ቀልዱን ፈርቼ ነው። ልጁ ምጥ ላይ ሆና፣ ሰውየው መሪ ይዞ ለመሄድ እየቸኮለ፣ እኔ የሻይ ቤት ክርክሬን እጠብቅ ነበር።

ቀብሩ አለቀ። ስድስት ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ። ከድር ከደሎ መና ነው። ድምፁ የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም፤ ደስታ ነበረበት። ሃዋን ከኋላ አስተኝቷታል፣ ባሏ አብሯት ነው፣ ሊነሡ ነው።

«ወላሂ በርሲሳ፣ ጉድ እኮ ናት መኪናህ! ሳነቴ ላይ መቶ ስልሳ ብላ ልቤን ሰቅላው ነበር። አሁን ወርጄ ሳያት ሁለት መቶ አምስት ይላል! እዚህ አንድ ሰውዬ በጀሪካን ቤንዚን ይዟል፤ ልያዝ ወይስ ልተወው?»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። የስልኬ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት እነዚያው የሻይ ቤት ሰዎች ሰምተዋል፤ ፈገግ እያሉ ያዩኛል። እኔ ግን የሚታየኝ ደብተሬ ነበር። ያሰመርኩበት ግድ ነው ወለል ብሎ ታየኝ። ሁለት መቶ አምስቱ የቁልቁለቱ ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ። ከፊቱ ያለው ከቆላ እስከ ሳነቴ ጫፍ አንድ ወጥ ዳገት መሆኑን አውቃለሁ። ቤንዚኑ ደግሞ አጠገቡ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ሰው ሲናዘዝ ልብ አላልኩም ነበር ይላል። እኔ ልብ ብዬ ነበር። ተጠራጥሬ እንኳ አልነበረም፤ አውቅ ነበር። «ያዝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምክንያቱን ሳልናገር፣ ሳላፍር፣ «ለማንኛውም ያዝ» ብል ማን ይስቅብኝ ነበር?

«አላልኩህም? ተወው፣ ጊዜ አታባክን፣ ና!» አልኩት። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሳቁ። እኔም በለቅሶ ቤት ተቀምጬ አብሬ ሳቅሁ።

ቀሪውን የሰማሁት ከራሱ ከከድር ነው። ሪራን እንዳለፉ ቢጫው መብራት በራ። ልመለስ ወይስ ልቀጥል ብሎ አሰበ፤ ሳነቴን ካለፍኩ ቁልቁለት ነው፣ ስወርድ ደግሞ ይጨምርልኛል ብሎ ቀጠለ። ያን ያስተማረው ማን ነው? ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማሞቂያውን አጠፋ። ሃዋ ስትንቀጠቀጥ ኮቱን አውልቆ ደረበላት፤ ባሏም ያለውን ደረበላት፤ ማሞቂያውን ግን አልከፈቱትም፣ ቁጥሩ እያለቀ ነበርና። ጫፉ ላይ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተሩ ጠፋ። ባትሪው ትንሽ ገፋቸው፣ ከዚያ እሱም ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል፤ ስልክ አይሠራም። ባሏ በእግሩ ወደ ሪራ ሮጠ። ከድር መኪናዋን ብቻውን ሽቅብ ሊገፋት ሞከረ፤ በዚያ ዕድሜው። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያው ቆዩ። መጀመሪያ የደረሰላቸው የሐረና ቡና የጫነ አይሱዙ ነው። እሱ የሚጠጣው ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን ከየት ያምጣላቸው? ሃዋን ጋቢናው ውስጥ አስገብተው ጎባ አደረሷት።

ሐኪሞቹ እሷን አተረፏት። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሞቶ ነው የወጣው። የሷንም ነፍስ ለማትረፍ ማህፀኗን ማውጣት ነበረባቸው። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ብለው ለከድር ነገሩት። እሱ ይህችን ቃል ለእኔ ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር።

በሳምንቱ መኪናዋን አመጣልኝ። አሳጥቧታል፤ ከጎማዎቹ ውስጥ ሳይቀር ጭቃውን በጣቱ ያወጣ ይመስላል። ሁለት ቀን ማደያ ተሰልፎ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶታል። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝና «መኪናህን አላወቅኩባትም፣ በርሲሳ። የኔ እግር የአይሱዙ እግር ነው፤ አብዝቼ ረገጥኳት። አንተማ ይበቃሃል ብለኸኝ ነበር» አለ። ዝም አልኩ ብል ይሻለኝ ነበር። ዝም አላልኩም። «አዎ፣ ዳገት ላይ ቀስ ተብሎ ነው የሚረገጠው» አልኩት። ይህን ያልኩት የልጅ ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ቆሜ ነው።

ሲወጣ ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ደብተሬን አወጣሁ። ስትነሣ የነበራት ሊትር ተመዝግቦልኛል፤ የቆመችበትን ኪሎ ሜትር ከስክሪኑ የጉዞ መዝገብ አነበብኩ፤ አካፈልኩ። በሊትር አስራ አራት። ስክሪኑ ለዚያው ጉዞ አስራ ስምንት ይል ነበር። ሁለቱንም በተርታ ጻፍኳቸው። ሕፃን የሞተበትን መንገድ ፍጆታ አሰላሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ለጠየቀኝ ሁሉ ነዳጅ ጠፋ እላለሁ። ሃዋ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ ባሏ በዓመቱ ሌላ አገባ። ጠዋት ጠዋት ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ በላይ ታየኛለች። «ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ድሮ ክፍል ውስጥ እጇን እያወጣች ለምን የምትለው ልጅ አሁን ምንም አትጠይቅም። አንዳንዴ በጠየቀችኝ እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ወደ ቤት እገባለሁ። ጥፋቱን ለመኪናዋ ሠሪዎች ልስጥ ብዬ ስንት ቀን ሞክሬአለሁ። አይሆንም። እነሱ ከድርን አያውቁትም። እሱ የጠየቀው እኔን ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩለት።

ይህንንም ሆኖ ሳልጽፈው ልሞት እችል ነበር። ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። ከድር ተሳላሚ ወደሚጎርፍበት ወደ ሼክ ሁሴን ሊሄድ ተነሣ፤ በመኪና አይደለም፣ በእግሩ። ስለት ተስሎ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ደጅ ለደጅ እየዞረ ያስቀየመውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ይላል፣ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይኬድም። እኛ ክርስቲያኖቹም እዚሁ ተወልደን ያደግን ስለሆንን እናውቀዋለን፤ «አውፍ ብያለሁ» ብለን፣ መንገዱን ያቅናልህ ብለን እንሸኛለን። ባለ መንታ ጫፉን የተጓዦች ዱላ ይዞ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቆመ። ከስቷል። ጺሙ ነጭ ሆኗል።

«ያ በርሲሳ» አለኝ፣ «ሁሉንም ቤት ዞሬ አንተን መጨረሻ ያደረግሁህ ያንተ ስለከበደኝ ነው። የተማረ ሰው ይበቃሃል ባለኝ ነዳጅ በሥርዓት ብነዳ ልጄ በጊዜ ትደርስ ነበር። አደራህን አበላሸሁ። የዚያን ሕፃን ሐቅ አላህን ልለምን ነው የምሄደው፤ እኔ ነኝ የገደልኩት። አንተ አውፍ በለኝ።»

መሳቢያው ከኋላዬ ነበር። ደብተሩ ውስጡ ነበር። ሰውየው አጥፍቻለሁ ብሎ በር ላይ ቆሟል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። እመኑኝ፣ ልናገር ነበር። ወይም አትመኑኝ፤ ልናገር ነበር ማለት ምን ዋጋ አለው?

«አውፍ ብያለሁ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ። ታላቄ ነው፤ እጄን ሳመኝ። ከዚያ ዱላውን ይዞ ሄደ፤ የኔን ኃጢአት ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄደ። እኔ የበደልኩትን ሰው ይቅር ያልኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። እሱ የአማርኛ ጽሑፍ ስለሚከብደው ይህን የምታነብለት ልጁ ናት። ስለዚህ እናንተ እስካሁን የሰማችሁኝ ሰዎች ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የቀረኝ ከሷ ጋር ነው።

ሃዋ፣ ይህን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ ለአባትሽ አንብቢለት፤ አንድ ቃል አትዝለዪ፣ ጀሪካኑንም፣ የድንኳኑንም ሳቅ። እግሩ ምንም እንዳላጠፋ ንገሪው። የሰጠሁት አውፍ የኔ እንዳልነበረ ንገሪው። እኔን አውፍ በሉኝ አልላችሁም፤ ብትሉኝም አልቀበልም። በእናንተ በር ላይ መቆም ሲኖርብኝ አባትሽን በሬ ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ በአጥሩ በላይም ከእንግዲህ እንዴት አደሩ አትበዪኝ።

ደብተሩ ከዚህ ወረቀት ጋር አለ። ክፍል ውስጥ ስለ መሣሪያ የነገርኳችሁን ታስታውሺ ይሆናል። እኔንም ፈትኚኝ፤ የጻፍኩትን ዝም ብለሽ አትመኚ። ያሰመርኩበትን ገጽ ግለጪና ከላይ ያለውን ቀን እዪው። ከምጥሽ ሁለት ወር በፊት ነው።